ጋሽ ሰይፈ ገብርኤል ብድግ ያሉ ዕለት

ዋሽቼ ከሆነ ምላሴን ይቁረጠው! እዚህ ፈረንጅ አገር፣ የእኛ የጋሉስ ሰፈር ምክር ቤት ዘረኝነትን የሚያወግዝ ውሳኔ በጭብጨባ አጸደቀና የሰፈሩ የአትክልት ቦታ ፎቅ ይሠራበት እንደሆነ ወደ መከራከር ዞረ። ጋሽ ሰይፈ ገብርኤል፣ «ሟች ባለቤቴ የተከለችው ፖም አለበት፤ አትቁረጡብኝ» ብለው ለመኑ።

አንዱ የምክር ቤት አባል፣ «እንግዳ ስለ ዛፍ ምን አገባው?» ብሎ ሲስቅ በሩ ተከፈተ። ማንም አልገባም። ጋሽ ሰይፈ ግን ብድግ አሉ።

«ኖር!»

«በእግዜር! ኧረ አይነሱ» አለ ከባዶው በር የሟቿ ድምፅ። አዳራሹ እርጥብ አፈር ሸተተ። የሳቀው ሰውዬ ገርጥቶ ተነሣ፣ ወንበሩን ለቀቀላት፤ ድምፅ ሲሰጥም በእሱ አንድ ድምፅ ዛፉ ተረፈ።

እሺ፣ መጨረሻዋን እኔ ጨመርኳት። ሰውየው ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም፤ እጁን ያወጣውም ለፎቁ ነው።