የፊሽካው ሰኞ

የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ባለወፍጮው አቶ አየልኝ፣ «አዲሱ ቤተ መጻሕፍት በስሜ ካልተጠራ አምስት ሳንቲም አልሰጥም» ሲሉ የርዕሰ መምህርቷ ደም ፈላ።

«ድሮስ ማን ለመነዎት?» አለቻቸው፣ ኮሚቴው በሙሉ እየሰማ።

«እናያለና!» ብለው ወጡ። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ነው።

በገቢ ማሰባሰቢያው ቀን፣ ለዓመታት ደወል ሆኖ ያገለገለው የመኪና ቸርኬ ከግቢው ግራር ላይ ወርዶ ለጨረታ ቀረበ። ልማዱ የታወቀ ነው፤ ያሸነፈ ሰው ይጨበጨብለትና ዕቃውን መልሶ ለትምህርት ቤቱ ይሰጣል። አቶ አየልኝ ሁሉንም በልጠው አሸነፉ። መድረክ መሪው «ለትምህርት ቤቱ መልሰውታል!» ብሎ ሲያስጨበጭብ፣ እሳቸው ወደ ጋሪያቸው እየጠቆሙ «ማን መለሰ? ጫኑት!» አሉ።

ርዕሰ መምህርቷ ማይኩን ከመድረክ መሪው ቀማች። «ይውሰዱት! የዚህን ትምህርት ቤት ልጆች በፊሽካም አስገባቸዋለሁ!»

ሰኞ ጠዋት፣ ልክ በሁለት ሰዓት፣ ጉንጯ እስኪዝል ፊሽካዋን ነፋች። ተማሪው ኳሱን ማሳደዱን አላቆመም። ደግማ ነፋች፤ ዞር ብሎ ያያት የለም።

ሩብ ሰዓት ቆይቶ ቸርኬው ከአቶ አየልኝ ግቢ ተደወለ።

ተማሪው ሁሉ ሮጦ ተሰለፈ።