የጋሽ ፍሥሐ ኪቦርድ

ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩት ጋሽ ፍሥሐ አምና ዐረፉ። ኪቦርዳቸውን ገዝቼ፣ የአማርኛው ፊደል በአንድ ንክኪ እንዲወጣ አዲስ ቺፕ ገጠምሁበት፤ ፕሮግራሙንም ራሴ ጻፍሁ። ሦስት ቀን ሙሉ አቃጠለኝ! የትኛውንም ቁልፍ ብነካ «የአመልካች ስም፦» ብሎ ቀጥ ይላል። ኮዱ ውስጥ እንዲህ የሚል የለም። አጥፍቼ እንደገና ጫንሁ፤ ያው ነው።

ባለቤታቸው እትዬ ወለተ ሰንበት ሊጠይቁኝ መጥተው አዩት።

«ፍሥሐ ስም ሳይነግሩት መች ይጽፍ ነበር?» አሉኝ።

ንዴቴ ገነፈለ። የኪቦርዱን ገመድ ከኮምፒውተሩ ነቀልሁና «ይሁኔ ነኝ! በቃ?» ብዬ ጮህሁበት።

ቁልፎቹ ማንም ሳይነካቸው አንድ በአንድ ይወርዱ ጀመር። ስክሪኑ ላይ እንዲህ ተጻፈ፦

«የአመልካች ስም፦ ይሁኔ
ጉዳዩ፦ ዕድሜ እንዲጨመርልኝ ስለመጠየቅ»