የቤት ሰው

ባሏ ስንሻው የቤታቸውን አሮጌ ኮምፒውተር ሆዱን ከፍቶ ሜሞሪ ጨመረለት፤ አዲስ የሰርቨር ሶፍትዌርም ይሞክርበት ጀመር። የቤተሰቡ ፎቶ ሁሉ እዚያ ይቀመጣል አለ። ስልኳንም ተቀብሎ የሆነ ነገር ጫነበትና መለሰላት፤ ምን እንደሆነ አልጠየቀችውም። ለእሷ የተረፋት የኮምፒውተሩን አቧራ መወልወል ነበር።

ስትወለውል ነው ስክሪኑ ላይ ያየችው። «አሁን የገቡ ሰዎች፦ ስንሻው፣ ንግሥቴ» ይላል።

ንግሥቴ! እሷን እንዲህ ብሎ ከጠራት ስንት ዘመኑ። አሁን «አንቺ» ናት፤ ሲብስበትም «ስሚ»። ረቡዕ አየች፣ ሐሙስ አየች፤ እሱ ሥራ ቦታ እያለ እንኳ ሴትዮዋ ከዚያ ንቅንቅ አትልም።

ቅዳሜ አላስችላት አለ። «እዚህ ነገርህ ላይ ሌላ ሰው ይገባል እንዴ?»

«የቤት ሰው ብቻ» አላት፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

የቤት ሰው! ኬብል ልግዛ ብሎ ሲወጣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ከሴትዮዋ ስም ጎን «አስወጣ» የሚል አለ።

«ውጪልኝ ከቤቴ!» ብላ ተጫነችው።

የሽርጧ ኪስ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። አውጥታ አነበበችው።

«ንግሥቴ፣ ከሰርቨሩ ተባረዋል።»