ያልተከፈቱ መርፌዎች

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሰውየውን ገና ከበሩ ላይ ስታየው ለየችው። ባለፈው ወር በሰፈሩ ስብሰባ ላይ ማይክራፎኑን ይዞ፣ «ለሱሰኛ ንጹሕ መርፌ ማደል፣ ሂድና ሙት ብሎ መመረቅ ነው! ያቺ መርፌ የምታድል የጤና ጣቢያ ክፍል ትዘጋልን!» ያለው እሱ ነበር። አዳራሹ በሙሉ አጨብጭቦለታል።

ሊጣላት የመጣ መስሏት ከወንበሯ ተነሳች። እሱ ግን ጥቁር ፌስታል ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ። ውስጡ ማሸጊያቸው ያልተከፈተ መርፌዎች ነበሩ።

«ባለቤቴ ከዚህ ስትወስድ ኖራለች፤ ለልጃችን ለእዮብ» አለ። «ከእኔ ተደብቃ ነው። ፍራሹ ሥር አገኘኋቸውና ሣጥኔ ውስጥ ቆለፍኩባቸው።»

ነርሷ ፊቷ በራ። «ታዲያ እዮብ ተወው ማለት ነው?»

«አልተወም። የጓደኛውን መርፌ ተውሶ ተወጋ። ደሙ ተመርዟል አሉን። ሐሙስ ቀበርነው።»

ይህን ሲናገር ድምፁ አልተሰበረም፤ የሌላ ሰው ወሬ የሚያደርስ ይመስል ነበር።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ አባባ» አለች። ፌስታሉን አንስታ ወደ ቁም ሣጥኑ ዞረች።

«ቆይ፣ ሲስተር። ልመልስ አይደለም የመጣሁት።»

ዞር ብላ አየችው።

«ያ መርፌውን ያዋሰው ጓደኛው፣ ክንፈ፣ ቤተሰቦቹ አባረውታል። ከቀብር መልስ ቤቴ አስገባሁት፤ የእዮብ አልጋ ላይ ነው የሚተኛው» አለና ፌስታሉን ከእጇ ተቀበለ። «እነዚህ ለእሱ ይሆኑት እንደሆነ ልጠይቅሽ ነው።»