መስኮቱ የተዘጋ መኪና

ተዋናይቷ ፍቅረኛ መያዟን አገሩ ሁሉ ሲያወራው ሰነበተ። መጨረሻ ላይ የሰማው ባሏ ነው። ሾፌሩ ግን ከሁሉም ቀድሞ ጠርጥሮ ነበር።

በየቀኑ ሥራ ሲያልቅ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ከስቱዲዮው ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ ጥግ እንዲያቆም ታዘዋለች።

«ጋሼ፣ ትንሽ ወረድ ይበሉልኝ» ትለዋለች በዚያ ሻካራ ድምጿ።

ይወርዳል። መስኮቶቹን ሁሉ ትዘጋለች። ከፔርሙሷ በማር የተበጠበጠ ሙቅ ውሃ ትጎነጫለች፣ ጉሮሮዋን ትጠራርጋለች፣ ከዚያ ስልኳን ታነሳለች። ሾፌሩ ከግንቡ ሥር ቆሞ ስትስቅ ያያታል። ስልኩን ስትዘጋ ደግሞ ታለቅሳለች። ዓይኗን አብሳ መስታወቱን በጣቷ ታንኳኳለች፤ ይግቡ ማለቷ ነው።

ባሏን እንዲህ ስቃ ስታናግረው ሾፌሩ አይቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ከግንቡ ማዶ ሰው ፎቶ አነሳት። በማግስቱ አፈ ጮሌ የሚሉት የወሬ ፕሮግራም አቅራቢ ፎቶውን በቴሌቪዥን አወጣው።

«እመቤቲቱ ለማን ነው እንዲህ የምትሽኮረመመው? ባሏማ በዚያ ሰዓት ስብሰባ ላይ ነው!» አለና ሳቀ። ቀጥሎም የጥላን ነገር አነሳ።

ጥላ ተዋናይቷ በምትሠራበት የቴሌቪዥን ድራማ የእሷ ድምፅ ነበረች። ተዋናይቷ መልኳ ለካሜራ የተፈጠረ ቢሆንም ድምጿ እንደ ወፍጮ ነው። ስለዚህ በድራማው የምትታየው እሷ፣ የምትሰማው ግን ማንም የማያውቃት አንዲት ልጅ ነበረች። ስቱዲዮ ውስጥ ሁሉም ጥላ ይላታል። ሾፌሩ ሁለቱን ከኋላ አስቀምጦ ያመላልሳቸው ነበር። ልጅቷ ተጫዋች ናት፤ ስትስቅ መጨረሻው ላይ ትንሽ ስቅታ ነበራት።

ባለፈው ዓመት የተሳፈረችበት አውቶቡስ ተገልብጦ ሞተች። ቀብሯ ላይ የቆሙት የስቱዲዮ ሰዎች ብቻ ናቸው። ዘመድ የሚባል ሩቅ ነው፤ እናትየውም ልቧ ደካማ ስለሆነ መርዶው ይቆይ ተብሏል። ተዋናይቷ ሁሉም ከሄደ በኋላ እንኳ ብቻዋን ቆማ ቀርታ ነበር። ቀድሞ የተቀዳው ክፍል ብዙ በመሆኑ ድራማው እስካሁን በሟቿ ድምፅ ይተላለፋል።

«ይህ ስልክ የተጀመረው መቼ መሰላችሁ?» አለ አፈ ጮሌ። «ምስጢሯን የምታውቀው ልጅ ከሞተች ወዲህ!»

ሾፌሩ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ውሸት ቢሆን ኖሮ በሳቀበት ነበር።

ሌላም የሚያስፈራው ነገር ነበር። ተዋናይቷ መንገድ ላይ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ድምፅ ሳታወጣ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ ትመጣለች። ጥናት ነው ብሎ ያልፈዋል። አንድ አመሻሽ ግን የጎማውን ንፋስ ለማየት ወደ መኪናው ጠጋ ሲል ከውስጥ ሳቅ ሰማ። መጨረሻው ላይ ትንሽ ስቅታ ነበረው።

ከጎማው ወደ ኋላ አፈገፈገ። መኪናው ውስጥ ያለችው ተዋናይቷ ብቻ ናት።

ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ነገራት።

«የሞተ ሰው ምን ቆርጦት መኪና ይሳፈራል?» አለችው። «ታክሲ አጥታ ነው?»

«አትቀልጂ አንቺ ሴት። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

ሚስቱ ፊቱን አየችና ቀልዷን ተወች። «እንግዲያው ያቺ ሴት ልጅቷን አንድ ነገር አድርጋታለች። ነፍሷ አልለቀቀቻትም። በል ቁልፉን አስረክብና ቤትህ ተቀመጥ፤ ለእኛም እንዳይተርፍ።»

ቁልፉን ሳያስረክብ ባልየው ቢሮው ጠራው። ፂሙን አልተላጨም።

«ወሬውን ያወጣኸው አንተ ነህ?»

«ልጆቼን! እኔ አይደለሁም ጌታዬ።»

«ሰውየውስ ማን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ? ያስወርዱኛል እኮ።»

«ዛሬ ከግንቡ ሥር አብሬህ እቆማለሁ» አለ ባልየው። «በገዛ ጆሮዬ ሰምቼ ጠበቃዬ ጋ እሄዳለሁ። ትርፉን ቁልፍ ይዘህ ና። እምቢ ካልክ አንተም እንጀራህን ሌላ ቦታ ፈልግ።»

አመሻሽ ላይ ሁለቱ ከግንቡ ሥር ቆሙ። በመኪናው ውስጥ ተዋናይቷ የማሩን ውሃ ተጎነጨች፣ ጉሮሮዋን ጠራረገች፣ ደወለች። ሳቋ ሲጀምር ባልየው ጥርሱን ነከሰ። ሾፌሩ በልቡ እየጸለየ ቁልፉን ተጫነ፤ በሩ ተከፈተ።

ተዋናይቷ ስልኩን በደረቷ ሸፈነችው። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ስጪኝ!»

«ይሄን ብቻ አታድርግ» አለችው በሹክሹክታ፣ በሻካራው ድምጿ። «ፍታኝ፣ ስሜን አጥፋው፣ የፈለግከውን አድርግ። ስልኩን ግን ተወው፤ ስለ እግዚአብሔር!»

«ይሄን ያህል ትወጂዋለሽ?»

መንጭቆ ወሰደባትና ድምፅ ማጉያውን ከፈተ።

«ልጄ፣ የት ሄድሽብኝ?» አለች አንዲት አሮጊት። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ትናንትም ያቺ ቆንጆ ሴትዮ በቴሌቪዥን ስታወራ ዓይኔን ጨፍኜ አንቺን ሰማሁሽ። ምነው ዝም አልሽ? አመመሽ እንዴ?»

ባልየው ስልኩን እንደያዘ ቀረ። ሾፌሩ ኮፍያውን አወለቀ።

ተዋናይቷ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ፣ «አለሁ እማዬ፣ መስመሩ ተቋርጦ ነው» አለችና ሳቀች፤ መጨረሻው ላይ ትንሽ ስቅታ ነበረው።