ቋቱ ውስጥ የቀረው ጅራት

«የቀላቀለችው እሷ ናት፤ ዛሬውኑ ትባረር!» ብለው የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ በምታለቅሰው ጸሐፊ ላይ ሲጮኹ፣ የክሊኒኩን ኮምፒውተር የምትከታተለው ፕሮግራመር ደሟ ፈላ። ጸሐፊዋ ለአንዲት ታካሚ የጻፈችው «ደህና ነሽ» ብቻ ነበር፤ የታተመው ወረቀት ግን «ደህና ነሽ እብጠቱ ተሰራጭቷል» ይላል።

«ይህ ጅራት ከዚህች ታካሚ በፊት የገባችው ሌላ ታካሚ ውጤት ነው!» አለች። « ፕሮግራሙ የተጻፉትን ፊደሎች የሚያነበው ወደ አንድ ጊዜያዊ ማስቀመጫ ቋት ነው፤ አዲሱን በፊተኛው ላይ ከመጀመሪያው ይደርበዋል። አዲሱ ጽሑፍ ሲያጥር የፊተኛው ትርፍ እዚያው ይቀራል፤ ፕሮግራሙ ግን ስንት ፊደል እንዳነበበ ሳያይ ቋቱን እንዳለ ያትመዋል። ላስተካክለው ብዬ ስንቴ ለመንኩዎት!»

«ኮምፒውተር አይሳሳትም።»

«እንግዲያው እርስዎ ይጻፉ» ብላ ወንበሩን ሳበችላቸው።

እየሳቁ «ጤነኛ ነኝ» ብለው ጻፉ። ከፕሪንተሩ የወጣውን ሲያነቡ ሳቃቸው ከንፈራቸው ላይ ደረቀ፤ «ጤነኛ ነኝ እብጠቱ ተሰራጭቷል»።

«በሉ እንጂ» አለቻቸው፣ «ዛሬውኑ ማን ይባረር?»