አዮዲን ያላጠቆረው

የቤተ ሙከራው ሽማግሌ መምህር የተቀቀለውን ቅጠል ሳህን ላይ ዘረጉት። አረንጓዴው በአልኮል ታጥቦ ስለወጣ እንደ እርጥብ ወረቀት ነጥቶና ሳስቶ ነበር። ጡረታ ሊወጡ የቀረቻቸው ይቺ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነበረች። ከሁለት ቀን በፊት፣ ቅጠሉ ገና ዛፉ ላይ ሳለ፣ ተማሪዎቹ "ጥቁሩን ወረቀት ዘንድሮ እኛ እንለጥፈው" ብለው ሲለምኗቸው ፈቅደው ነበር። ወረቀቱን አንስተው ቅጠሉን ያመጡላቸውም እነሱው ነበሩ። አሁን አርባ ልጅ ትንፋሹን ውጦ ሲያያቸው ግን ነገሩ አላማራቸውም።

"ምነው፣ አፋችሁን ምን ዘጋው? ደግሞ ምን አጠፋችሁ?" አሉና አዮዲኑን አፈሰሱበት። "ፀሐይ ያገኘው ቦታ ምግብ ሠርቷልና ይጠቁራል፤ ወረቀት የሸፈነው ግን…"

ቅጠሉ ከዳር እስከ ዳር ጠቆረ። መሃሉ ላይ፣ በፊደል ቅርጽ የተቆረጠ ወረቀት የሸፈናቸው አራት ፊደላት ብቻ ሳይጠቁሩ ቀሩ፦ አይሂዱ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አድርገው እንደገና አነበቡት።

"ሁለት ቀን ሙሉ ቅጠሉን ጦሙን ያሳደራችሁት ለዚች ነው?" ሊቆጡ ጀምረው ተዉት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሙከራው ባለቀ ቁጥር ቅጠሉን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲጥሉ የኖሩት ሰው፣ ዛሬ ሳህኑን በሁለት እጃቸው ይዘው የሚያስቀምጡበት ቦታ አጡ።